የመጀመሪያው ትንፋሽ

አቤኔዘርን ጥርጣሬ የገባው ልጁ የሺመቤት በክርክር የተሸነፈችለት ዕለት ነው።

ክርክሩ እንኳ ይህን ያህል የሚያነጋግር አልነበረም። እሑድ ምሳ ላይ፣ አዲስ አበባንና ደብረ ብርሃንን በሃያ ደቂቃ የሚያገናኘው ባቡር ሳይመጣ በፊት ሰው ያን መንገድ በመኪና በስንት ሰዓት ይጨርሰው ነበር የሚል ወሬ ተነሣ። አቤኔዘር አራት ሰዓት ይፈጅ ነበር አለ። ሁለት ሰዓት ተኩል መሆኑን ያውቃል፤ ልጁ የታሪክ አስተማሪ ስለሆነች ሊያበግናት ብሎ ነው። ሌላ እሑድ ቢሆን የሺመቤት ዓመተ ምሕረት እየጠራች፣ የድሮ ካርታ እያወጣች መግቢያ መውጫ ታሳጣው ነበር። ያን ዕለት ግን ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሣ፣ «ልክ ነህ አባዬ፤ አራት ሰዓት ነው» አለችው።

አቤኔዘር ሊጎርስ ያነሣውን እንጀራ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው።

የሺመቤት ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አባቷን «ልክ ነህ» ብላው አታውቅም። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልጅቱ በሰለች ተብሎ ይታለፍ ነበር። ነገር ግን የሺመቤት ልጁ ብቻ ሳትሆን አደራ ያዡም ናት፤ በሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓ.ም. ደግሞ አደራ ያዥህ በድንገት ደግ ከሆነችልህ ምን ማለት እንደሆነ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል።

ነገሩ የቆየ ነው። ድሮ የልብ ሐኪሞች የጠበበውን የልብ ቧንቧ በቀጭን የሽቦ መረብ ከፍተው ታማሚውን ወደ ቤቱ ይሸኙት ነበር። ከጊዜ በኋላ ያው ቧንቧ፣ ያው ቦታ ላይ፣ መልሶ ይጠባል። ማን ላይ፣ መቼ እንደሚጠብ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ኋላ ተመራማሪዎች ነገሩን ከአንዲት ቀላል ጋዝ ጋር አያያዙት፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ ትባላለች፤ ከአንድ ናይትሮጅንና ከአንድ ኦክስጅን በቀር ምንም የላትም፤ የደም ቧንቧው ግድግዳ ራሱ ያመነጫታል። ቧንቧው ሊጠብ ሲል እሷ ቀድማ ታንሳለች፤ ማነሷም በትንፋሽ ይለካል። ትልቅ ደስታ ሆነ። ደስታው ግን አልበረከተም። ቁጥርህ ወርዷል የተባለ ሰው ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ጋዟ ይበልጥ ታንሳለች፤ ውጤቱን ሰምቶ ከጤና ጣቢያው ደጃፍ ሳይርቅ የሚወድቀው ሰው በዛ። ይኼኔ ሽማግሌዎቹ ተነሡና፣ «እኛ ድሮስ ምን ብለን ነበር? ለታመመ ሰው አይነገርም!» አሉ። ያለ ማስረጃ ሲያደርጉት የኖሩትን ሳይንስ መሰከረላቸውና ሕግ ሆኖ ወጣ።

ሕጉ አጭር ነው። ልቡ የተከፈተ፣ ማለትም የልብ ቧንቧው በሽቦ የተከፈተለት ሰው ሁሉ በየጧቱ መለኪያ ውስጥ ይተነፍሳል። ቁጥሩ ግን ለእሱ አይነገርም፤ እሱ ለመረጠው አንድ የቅርብ ሰው ይላካል። አደራ ያዡ ቁጥሩን ተቀብሎ ከሐኪም ጋር ይመክራል፣ የሚደረገውን ያደርጋል፣ አፉን ይዘጋል። አደራ የበላ ይታሰራል።

መተንፈሻው የአጥር በር ላይ የሚተከል ክንድ የሚያህል ቱቦ ነው። የመንግሥት ስሙ ረጅም ስለሆነ ማንም አይጠራውም። ሕዝቡ ጡሩምባ ይለዋል፤ ድሮ ሰው ሲሞት የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ይነፋ ነበር፣ አሁን ሟቹ ራሱ ቀደም ብሎ ይነፋል ብሎ አንድ ቀልደኛ የተናገረው ተስማምቶ ቀረ። ጡሩምባው በትንሽ ቁልፍ ይከፈታል፤ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ይሠራል። ነፍተህ ስትጨርስ አረንጓዴ መብራት ይበራል። አረንጓዴው «ደህና ነህ» ማለት አይደለም፤ «ተቀብያለሁ» ማለት ብቻ ነው።

አቤኔዘር ልቡ ከተከፈተ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ አንድም ጧት ሳይነፋ አልዋለም። አሥራ ሁለት ተኩል ሲል ቁልፏን ከበሩ ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ ያነሣል፣ ጋቢውን ተከናንቦ ይወጣል፣ ይነፋል፣ አረንጓዴውን ያያል፣ ይገባል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጎረቤቶቹም ይነፋሉ። በዚያ ውርጭ የሰው ትንፋሽ ነጭ ሆኖ በየአጥሩ ላይ ይታያል፤ ሁሉም የሌላውን ትንፋሽ እያየ ስንት ይሆን እያለ ያስባል።

ማወቅ ያልተፈቀደለት ሰው ደግሞ ፊት ማንበብ ይማራል። መንግሥትም ይህን አላጣውም፤ አደራ ያዦች በሹመታቸው ማግሥት የሦስት ቀን የፊት ሥልጠና ይሰጣቸዋል፤ እንዴት እንደሚሳቅ፣ እንዴት እንደሚኮረፍ፣ ዓይን የት ላይ እንደሚያርፍ። ሥልጠናው ብዙም አልጠቀመም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ደግነት ራሱ አስፈሪ ነገር ሆኖ ቀረ። አንዱ የሚስቱን ወጥ «ዛሬስ ጣፍጧል» ቢላት ሳህኑን ጥላ አለቀሰች ይባላል። የድግስ ጥሪም እንዲሁ ነው፤ ቁጥሩ የወረደ ሰው ሆስፒታል የሚወሰደው ሠርግ ነው፣ ለቅሶ ነው ተብሎ ስለሆነ፣ ልቡ የተከፈተ ሰው የሠርግ ጥሪ ሲደርሰው መጀመሪያ ሙሽሮቹ መኖራቸውን ያጣራል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ። አቤኔዘር ከዚያ እሑድ ጀምሮ ዓይኑን ከፈተ።

ሰኞ የሺመቤት ከሥራ በቀጥታ ወደ ወላጆቿ ቤት መጣች። በእጇ ጎመንና ቀይ ሥር ይዛለች። ጎመንና ቀይ ሥር ያቺን ጋዝ ያበዛሉ ይባላል፤ ይህንንም ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

«ረክሶ አግኝቼው ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

አቤኔዘር ጎመኑን አየ፣ ልጁን አየ። በዚያው ሰዓት ሚስቱ ማራማዊት ከገበያ እየተመለሰች ነበር። በመስኮት አያት፤ ወደ ቤታቸው የሚያወጣው አቀበት መሐል ላይ ቆማ፣ ቅርጫቷን መሬት አስቀምጣ፣ ከአንዲት ጎረቤት ጋር ወሬ ይዛለች። ይህች ሴትዮ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አቀበቱ መሐል ሳትቆም አትመጣም፤ ወሬ ወዳጅ ሆናለች። ስትገባም የግራ ትከሻዋን እያሸች፣ «ይኼ ብርድ አጥንት ውስጥ ነው የሚገባው» አለችና ቅባት እንዲያቀብላት ጠየቀችው። አቀበላት። ሐሳቡ ግን ከጎመኑ ላይ አልተነሣም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ኤልናታን በሩን አንኳኳ። አቤኔዘርና ኤልናታን ሰባት ዓመት ሙሉ ተነጋግረው አያውቁም። ኤልናታን ቤቱ ላይ አንድ ፎቅ ጨመረ፤ የፎቁ ጥላ የአቤኔዘር የፀሐይ ሰሌዳ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። እንግዲህ ይህ ሰው ነው ቆቡን አውልቆ ደጃፉ ላይ የቆመው።

«ጎረቤት፣ ይቅር ለእግዜር እንባባል ብዬ ነው።»

«ምን ተገኘ?» አለ አቤኔዘር።

«ምንም። ክፉ ነገር ምን ያደርግልናል? ያንን ፎቅ በሚቀጥለው ሳምንት አወርደዋለሁ።»

«ማን ላከህ?»

«እግዚአብሔር ነው የላከኝ።»

«እግዚአብሔር ሰባት ዓመት ሙሉ የት ከርሞ ነው?»

ኤልናታን ጎንበስ ብሎ አቀፈው፤ እቅፉ ደግሞ የእርቅ አይደለም፤ ለቅሶ ቤት የሚታቀፍ ዓይነት ነው፤ ረጅም፣ ጀርባ መታ መታ የሚደረግበት። አቤኔዘር በኤልናታን ትከሻ ላይ አሻግሮ ያንን የተረገመ ፎቅ አየውና ባይፈርስ በወደደ።

በዚያው ዕለት አመሻሹ ላይ የሺመቤት ደወለች። ቅዳሜ አዲስ አበባ የባልደረባዋ ልጅ ክርስትና ይነሣል፤ አባቷ አብሯት ቢሄድ ደስ ይላታል፤ እናቷ ብርዱ ስላስቸገራት ቤት ብትቀር ይሻላል።

«እኔን ባልደረባሽ የት ያውቀኛል?» አላት።

«ስለ አንተ ብዙ ነግሬዋለሁ» አለችው። በስልኩ ውስጥ ትንፋሿ ይሰማው ነበር።

አቤኔዘር ፈሪ ሰው አይደለም። አሳንሰር ጠጋኝ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት በአሳንሰር ጉድጓድ ውስጥ በገመድ ተንጠልጥሎ ኖሯል። ሁለተኛውን መክፈት ግን ይፈራዋል። የመጀመሪያው ቀላል ነበር። ሁለተኛው ላይ ሥጋ የበቀለበትን ሽቦ እየፋቁ ነው የሚያልፉት፤ ከአሥር ሰው አንዱ ከዚያ አልጋ አይነሣም። የእድራቸው ዳኛ የነበሩት ሰውዬ ለእህታቸው ልጅ ሠርግ ነው ተብለው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረቫት አስረው ሄደው ነው በዚያው የቀሩት። ለቅዳሜ የቀረው አራት ቀን ነው። ደግሞ ምንም አላመመውም! አሳንሰር ጠጋኝ የሚጠራው አሳንሰሩ ሲበላሽ ስለሆነ ሁልጊዜ በደረጃ ነው የሚወጣው፤ ባለፈው ሳምንት እንኳ የመሣሪያ ቦርሳውን ተሸክሞ አሥራ አንድ ፎቅ ሲወጣ አንዴም አላረፈም። እንግዲያው ወይ ትንፋሹ ዋሽቷል፣ ወይ ሰውነቱ ዋሽቶታል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ ሊጋደም አልፈለገም።

ረቡዕ ጧት ሥራ ቦታው ሲደርስ አለቃው ኢንጂነር ዘነበች በር ላይ ጠበቀችው። ዘነበች ሠላሳም አልሞላትም። የእሱ ትውልድ አቤኔዘር፣ ማራማዊት፣ ኤልናታን እየተባለ አድጎ፣ የልጆቹ ትውልድ ደግሞ ተመልሶ ዘነበችና የሺመቤት ሆኗል።

«ጋሽ አቤኔዘር፣ ከዛሬ ጀምሮ አዳዲሶቹን ቢያሠለጥኑልን ብለን ነበር» አለችው።

«እስከ ዛሬ ማን ሲያሠለጥናቸው ነበር?»

«ማለቴ… ቁጭ ብለው። ክፍል ውስጥ። ወንበርም አስገብተንልዎታል።»

«ደብዳቤ ደርሶሻል?»

«የምን ደብዳቤ?» አለችና ኢንጂነር ዘነበች ጣሪያውን ማየት ጀመረች። ጣሪያው ላይ ምንም አልነበረም። አደራ ያዥ ምክንያቱን ሳይገልጽ ለአሠሪ «ቀለል ያለ ሥራ ይሰጠው» ብሎ መጻፍ ይፈቀድለታል።

አቤኔዘር ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም። ቦርሳውን እንደያዘ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ነርስ ስሙን ጠየቀችው፣ ገጹን ገለጠች፣ አየች፣ ዘጋችው። ፊቷ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም፤ ይቺ ሥልጠናውን በደንብ ወስዳለች።

«አደራ ያዥዎን ይጠይቁ አባቴ።»

«እሷማ አትነግረኝም።»

«እንግዲያው ጥሩ አደራ ያዥ መርጠዋል።»

«ትንፋሹ እኮ የኔ ነው! ከኔ ደረት የወጣ!»

«እስኪወጣ የእርስዎ ነው። ከወጣ በኋላ የመዝገቡ ነው።»

«እሺ፣ እዚሁ ልንፋልሽና አንቺው ንገሪኝ።»

ነርሷ ከኋላው ያለውን ሰው ጠራች።

አቤኔዘር እንደዚያ ቀን ተናዶ አያውቅም። መንገዱን ሙሉ ብቻውን አወራ። ሰው የገዛ ትንፋሹን ካላወቀ ምኑን አወቀ? ማነው የገዛ ሞቱን ለሌላ ሰው በአደራ የሚሰጥ? ደግሞ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት የሚወዱት ሰዎች መሆናቸው፤ ጠላት ቢሆኑ ኖሮ ቢያንስ መጥላት ይችል ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይኼ ነው።

የሺመቤትን ትምህርት ቤቷ ግቢ ውስጥ አገኛት፤ ተማሪዎች ወጥተው እሷ የቤት ሥራ እያረመች ነበር። ከፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ቅዳሜ ክርስትና የሚነሣው ልጅ ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ» አለች የሺመቤት፣ ቀና ሳትል።

«ስንት ቀኑ ነው?»

«ስልሳ።»

 የሺመቤት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የተናገረችው ለራሷም ሲሰማት ፊቷ ቀላ።

«የሺ፣ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ። በስልሳ ቀን የሚጠመቅ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?»

የታሪክ አስተማሪዋ የፊት ሥልጠና፣ የሦስት ቀኑ ትምህርት ሁሉ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ፈሰሰ። ሕፃን ሆና ስትወድቅ እንደምታለቅሰው አለቀሰች። አቤኔዘር ግን አልተነሣም።

«እየወረደ ነው አባዬ። ከኅዳር ጀምሮ። መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ ነበር፣ አሁን በየሳምንቱ ነው። ሐኪሙ ሁለተኛው መክፈት ከቅዳሜ አይለፍ አለኝ።»

«ኤልናታንንስ አንቺ ነሽ የላክሽው?»

«ንዴት ጋዟን ያወርዳል አሉኝ። ታረቀው ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ ያልሰማ ሰው አንቺ ስትወድቂለት ለምን እንደሆነ ያጣዋል ብለሽ ነው?» አለ አቤኔዘር። ቆጣ ብሎ ጀምሮት በመሐሉ ድምፁ ሰለለ።

«ለእማዬ እንዳትነግራት» አለችው እጁን ይዛ። «እሷ ምንም አታውቅም። ከሰማች ትሞትብኛለች።»

አልነግራትም አለ። አመሻሽ ላይ ወደ ቤቱ ሲሄድ እግሩ ይከብደው ጀመር፤ አሥራ አንድ ፎቅ የወጣበት እግር ነው። ከመንገዱ ዳር ቆሞ ደረቱን በእጁ ዳሰሰው። ምንም የለም። ይመታል። ቢሆንም አመነ፤ ቁጥር ነዋ።

ሐሙስ ጧት ከወትሮው ቀድሞ ነቃ። ሊነጋጋ ሲል ነው። አልጋው ላይ የማራማዊት ቦታ ባዶ ነበር፤ እጁን ሲዘረጋ አንሶላው ቀዝቅዟል። ተነሣ። ከበሩ ጀርባ ያለው ሚስማር ላይ ቁልፏ የለችም።

በመስኮቱ ተመለከተ። ማራማዊት የሱን ጋቢ ተከናንባ አጥሩ በር ላይ ቆማለች። ወደ መንገዱ ግራና ቀኝ አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጡሩምባው ላይ አንድ ነገር አደረገች።

ሰውነቱን ሙቀት ወረረው። እሷም! ሠላሳ ሦስት ዓመት አብራው የተኛችው፣ ከአንድ ትሪ የበላችው! ልጅቱ ምንም አታውቅም ያለቻት እናቷ በየጧቱ መሣሪያውን እየነካካች ኖሯል። በባዶ እግሩ ወጣ፤ ውርጩ እግሩን ቢያቃጥለውም አልታወቀውም።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ማራማዊት ክው አለች። አፏ ከጡሩምባው ላይ ገና መነሣቱ ነበር፤ ነጭ ትንፋሿ ፊቷ ላይ ተንሳፍፏል። ከኋላዋ አረንጓዴው መብራት በራ።

«ምነው ሸዋ! ጫማ እንኳ ሳታደርግ?»

«ምን እያደረግሽ ነው ነው ያልኩሽ!»

ቁልፏን በእጇ ውስጥ አገላበጠች። ሸሽታ የምትደርስበት ስላልነበራት ነገረችው።

«ኅዳር ላይ ጉንፋን ይዞህ ስታስል የከረምክ ጊዜ ነው የጀመርኩት። በዚያ ሳልህ ብትነፋ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ከሥራ ያስቀምጡታል ብዬ ሰጋሁ። ‘ቤት ከምቀመጥ ሞቴን’ ስትል ሰምቼሃለሁ። ያ መሣሪያውን የተከለው ሰውዬ፣ አንተ ሥራ ላይ ሳለህ፣ የሚቆጠረው የመጀመሪያው ትንፋሽ ነው፣ ኋላ የሚነፋውን አያየውም ብሎኝ ነበር። እኔ እንግዲህ ጤነኛ ነኝ፤ ልቤ አልተከፈተ፣ ምን ይጎዳል ብዬ… ቀድሜህ ነፋሁልህ። አንድ ቀን ብዬ ነበር፤ ኋላ ካቆምኩ ቁጥሩ ተለዋውጦ ያሳብቅብኛል ብዬ ቀጠልኩ።»

«እኔ የምነፋውስ?»

«እሱማ ለመብራቱ ነው።»

«ከኅዳር ጀምሮ? በየቀኑ?»

«አንድም ቀን አላለፈኝ» አለች፤ ጥፋቷን እያወራች እንኳ ትንሽ ኩራት ነበረባት። «ተቆጣኸኝ?»

አቤኔዘር መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው። ሳቅ ከሆዱ ተነሥቶ እስኪያጎነብሰው ድረስ ሳቀ። የወረደው ቁጥር የእሱ አይደለም! ትንፋሹም አልዋሸም፣ ሰውነቱም አልዋሸውም፤ አሥራ አንዱ ፎቅ እውነት ነው። ዘነበች ወንበሯን ታውጣ፣ ኤልናታንም እቅፉን መልሶ ይውሰድ! የጎረቤት መስኮት ተከፍቶ ሰው ብቅ አለ። ማራማዊትም አለመቆጣቱን ስታይ እፎይ ብላ አብራው ሳቀች፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች በዚያ ውርጭ ደጅ ላይ ቆመው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ቀድማ ያቆመችው ማራማዊት ናት። የበሩን ምሰሶ ተደገፈች፣ በቀኝ እጇ የግራ ትከሻዋን ያዘች፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች።

«ሳቅህ ሊገድለኝ ነው» አለች። «ኤዲያ፣ ይኼ ብርድ።»

አቤኔዘር ሳቁን ማቆሙ አልታወቀውም። አቀበቱ መሐል የተቀመጠው ቅርጫት ታየው። የወሬው ወዳጅነት ታየው። ሰኞ ያቀበላት ቅባት፣ ባለፈው ሰኞም፣ ከዚያ በፊት በነበረውም ያቀበላት ቅባት ታየው። ከኅዳር ጀምሮ በየሳምንቱ የሚወርደው ቁጥር ባለቤት አለው፤ እዚህ ነች፣ የሱን ጋቢ ተከናንባ፣ ምሰሶ ተደግፋ። የእሷን ትንፋሽ ማንም ሊለካው አላሰበም፤ ሕጉ የሚለካው አንዴ የተከፈተውን ልብ ብቻ ነው። የእሱንማ ከኅዳር ወዲህ ማን አየው? ግን ያን ጊዜ ስለራሱ አላሰበም።

ሊነግራት አፉን ከፈተ። ትናንት መስኮቱ ጋ የጮኸው፣ ሰው የገዛ ትንፋሹን ማወቅ አለበት ብሎ መንገድ ሙሉ የተሟገተው ሰው እሱ ነው። ማራማዊት ዓይኗን ገልጣ አየችው። ቀለሟ ከውርጩ ጋር አንድ ሆኗል። ቁጥራቸውን ሰምተው ከጤና ጣቢያው ደጃፍ ያልራቁት ሰዎች ትዝ አሉት።

አፉን መልሶ ዘጋው።

«የሺ ስለ ቁጥሩ ምንም አላለችህም አይደል?» አለች።

«ምን ትለኛለች? አደራ ያዥ አይደለች?»

«እሱስ ልክ ነው። ደህና ቢሆን ነው እንጂ ፊቷ ያስታውቅ ነበር።»

«ያስታውቅ ነበር» አለ። ፀሐይ ስትወጣ ሮጦ ወደ የሺመቤት ይሄዳል፤ ሐኪሙ ጋ አብረው ይገባሉ፤ ነገ የሚባል ነገር የለም። ግን በቅድሚያ እሷን ከዚህ ብርድ ማስገባት ነበረበት። «ማርዬ፣ ቅዳሜ የሺ የምትሄድበት ክርስትና አንቺም ብትመጪ ብያለሁ። እንዲያውም ዛሬውኑ ሄደን እዚያ እንክረም። የባቡሩ መስኮት ጋ ትቀመጫለሽ።»

«የማን ልጅ ነው እሱ?»

«የባልደረባዋ።»

«ስንት ቀኑ ነው?»

«ሰማንያ» አለ አቤኔዘር፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ሴት ናት።»

ማራማዊት ራሷን ነቀነቀች፤ ሰማንያ ልክ ነው። ጋቢውን አውልቃ ትከሻው ላይ ጣለችለትና ትንፋሿ ሲመለስላት የተለመደ ቁጣዋን ጀመረች። «ድሮም ጉንፋኑን ያመጣኸው አንተ ነህ። ኮፍያ አድርግ፣ ኮፍያ አድርግ እያልኩህ! አሁን ደግሞ በባዶ እግር። ይኼ ሁሉ ጣጣ ያንተ እልህ ያመጣው ነው።»

ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ለዚህ ቁጣ መልስ አጥቶ አያውቅም። ኮፍያ ጭንቅላት ያሰንፋል ይላት ነበር፣ ወይም አባቷን ያነሣባት ነበር፣ ወይም ከበሩ እስከ ማዕድ ቤቱ ድረስ እየተከራከሩ ይገቡ ነበር። አሁን ግን እጁን በክንዷ ሥር አግብቶ ቀስ ብሎ ወደ ቤቱ መለሳት።

«ልክ ነሽ ማርዬ» አላት።

ማራማዊት ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። ዞር ብላ ፊቱን ፈለገች። አቤኔዘር የአጥሩ በር ማጠፊያ የላላ ይመስል ወደ ኋላ ተመልሶ ጎንበስ ብሎ ይነካካው ጀመር።

«አቤኒ» አለችው። «እስቲ ወደ እኔ ዙር።»